ተኝቶ የሚነዳው ጀግና

ወንዳፈረው ያችን ጉደኛ ብስክሌት ይዞ የወጣ ዕለት የሆሳዕና ከተማ ገበያዋን ትታ እሱን ስታይ ዋለች። እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ጀርባውን ወደ ኋላ ጥሎ፣ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ሬዲዮ እንደሚሰማ ሰው ሆኖ ነው ፔዳል የሚመታው። ልጆች «ጋሼ ተኝተው መጡ!» እያሉ ተከተሉት። አንዱ የጨው ነጋዴ ደግሞ «ባለቤቱ ሲታመም ብስክሌቱም ተኛ» አለ። ሳያውቅ እውነቱን መናገሩ ነበር።

ነገሩ ኪንታሮት ነው። እንዲህ በግልጽ መናገር ለእኛ ቀላል ነው፤ ለእሱ ግን ሞት ነበር። የመሠረተ ትምህርት ተቆጣጣሪ ሆኖ፣ ከቀበሌ ቀበሌ፣ በዚያ ኮረኮንች፣ በዚያ ድንጋይ ኮርቻ ላይ ዕድሜውን ጨርሷል። ወንድ ሁሉ እንዲያፍረው ተብሎ ስም የወጣለት ሰው መቀመጫዬን አመመኝ ብሎ ለማን ይናገር? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ቢባልም እሱ ደም እስኪያይ ድረስ ደበቀ። በመጨረሻ በክረምት አዲስ አበባ ሄዶ ሆስፒታል ተኛ፤ ኦፕራሲዮን ተደረገ፤ ቁስሉ አልድን ብሎት ከርሞ በጥቅምት መጨረሻ ተመለሰ። ሐኪሙ፣ አንድ ሽበታም ፈረንጅ፣ ሁለተኛ ኮርቻ ላይ እንዳይወጣ አስጠነቀቀው። ያለ ብስክሌት እንጀራ እንደሌለው ሲሰማ ግን አዘነለትና በአገሩ ሰዎች ተኝተው የሚነዱትን ብስክሌት በወረቀት ስሎ ሰጠው።

ብስክሌት ጠጋኙ ጠና ወረቀቱን ወዲያ ወዲህ አዟዟረና «ይሄ ቃሬዛ ነው እንጂ ብስክሌት ነው?» አለ። ቢሆንም ሠራው። የወንዳፈረውን የቀድሞ ብስክሌት ቆርጦ ከሌላ አሮጌ ጋር በየደ፤ ሰንሰለት በሰንሰለት ቀጠለ፤ መደገፊያውን ከአልጋ ሽቦና ከጆንያ አበጀለት። ወንዳፈረው መጀመሪያ የሰው አጥር እየጣሰ ገባ። ሲለምደው ግን ደስ አለው። ስንት ዘመን ጭቃና የፊት ጎማ ብቻ ሲያይ የኖረ ሰው አሁን ሰማዩንና የባሕር ዛፉን ጫፍ እያየ ይሄድ ጀመር። ሕመም የሚባል ነገር የለም።

ታዲያ ሚስቱ ትርፌ፣ እሱ ሆስፒታል በነበረ ጊዜ ለጠየቃት ሁሉ «ለግዳጅ ሄዷል» ስትል ከርማ ነበር። ምን ታድርግ? ኪንታሮት አትል። ደግሞም የመንግሥት ሠራተኛ ለሴሚናርም ቢሆን «ግዳጅ አለብኝ» ብሎ ነው የሚሄደው። ግን ወጣቱ ከየገበያው እየታፈሰ ወደ ሰሜን በሚጫንበት በዚያ ዘመን፣ ግዳጅ ሲባል የሰው ጆሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሰማው። ወራት የጠፋ ሰው ከስቶ፣ እግሩን ፈርከክ አድርጎ እየተራመደ፣ እንደ ሰው መቀመጥ አቅቶት ሲመጣ የጎደለውን ከተማው ራሱ ሞላው። ወገቡን ተመትቶ ነው ተባለ። በኅብረት ሱቁ የስኳር ሰልፍ ላይ «ለጀግናው ልቀቁ!» ብለው ወደ ፊት አሳለፉት። ወንዳፈረው አልተመታሁም ሳይል ስኳሩን ተቀብሎ ሄደ። የዚያን ቀን ሻዩን ያለ ስኳር ጠጣ።

ይህ እንኳ ቀላል ነበር። ኅዳር ላይ ከዶዮገና መንገድ ሲመለስ እማማ ገነቴ ጠብቀው መሪውን ያዙበት። ከከተማው ዳር የሚያርሱ ባልቴት ናቸው። ከወለዷቸው ሁሉ አንድ ልጅ ነው የቀራቸው፤ ስሙንም ተረፈ ብለውታል። እሱም ታፍሶ ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል።

«ወንዳፈረው፣ አንተ እዚያ ነበርክ» አሉት። ቤታቸው የሚነገረው ሀዲይኛ ነውና በአማርኛ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የሚሉት። «የኔን ተረፈ አየኸው?»

በቀድሞው ብስክሌት ቢሆን ኖሮ ባርኔጣውን አንስቶ ያልፍ ነበር። አሁን ግን እሱ ከታች ተንጋሏል፤ የእናትየው ፊት ከላይ ነው፤ ዓይኑን የሚያሸሽበት የለም። እዚያ አልነበርኩም ቢል፣ ታዲያ የት ነበርክ ይመጣል።

«አይቼዋለሁ» አለ።

«መቼ?»

«ከመስቀል ወዲህ።»

«ከሳ?»

«ትንሽ። ደህና ነው። እናቴን ሰላም ይበሉልኝ ብሏል።»

ያቺን ሰላምታ ደግሞ ማን ጠየቀው? እማማ ገነቴ ጎንበስ ብለው ግንባሩን ሳሙት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እሳቸው ግን ጭራሽ ቅቤ ይልኩለት ጀመር። ትርፌ ቅቤውን ስታነጥር ወንዳፈረው ሽታውን ሸሽቶ ከቤት ይወጣል። የሰው እንባ የበላሁ ያህል ነው ይል ነበር ለራሱ፤ ለሌላ ሰው ግን ትንፍሽ አላለም።

በየካቲት ተገኘ የሚባል የሾኔ ከተማ ልጅ አንድ እጁን አጥቶ ከጦር ሜዳ ተመለሰ። ወላጆቹ ቤት ሳይደርስ መጀመሪያ የሄደው እማማ ገነቴ ዘንድ ነው። ከተረፈ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ ነበሩ። ተረፈ በነሐሴ ሞቷል፤ አፈር ያለበሰውም እሱ ተገኘ ነው። ዘመድ ተሰበሰበ፤ ለቅሶ ሊቀመጡ ሆነ። እማማ ገነቴ ግን ደጃፉ ላይ ቆመው ሁሉንም መለሱ።

«በነሐሴ የሞተ ሰው ከመስቀል በኋላ ሰላምታ ይልካል? ወንዳፈረው በዓይኑ አይቶታል! ውጡልኝ!»

ተገኘን ውሸታም ብለው አባረሩት። ልጁ በቀረችው እጁ ዓይኑን እየጠረገ ሄደ አሉ።

ወንዳፈረው ይህን የሰማው ጠና ዘንድ ጎማ ሲያስነፋ ነው።  አንዲት እናት ለልጇ እንዳታለቅስ ያደረጋት እሱ ነው። ልጁን ጦርነት ወሰደው፤ ለቅሶውን ግን የሰረቃት እሱ፣ ለመቀመጫው ያፈረ ሰው ነው። «ከተማው ሁሉ ይወቀው፣ ይሳቅብኝ» አለና በዚያችው ብስክሌት ወደ እማማ ገነቴ ቤት ነዳ።

በርጩማ አቀረቡለት። አልተቀመጠም፤ እግራቸው ሥር ተንበረከከ።

«እማማ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ሰሜን ሄጄ አላውቅም። ጥይትም አልመታኝም። ኪንታሮት ነው ያመመኝ፤ ሆስፒታል ነበርኩ። ተረፈን አላየሁትም። ተገኘ ያለው እውነት ነው።»

 እማማ ገነቴ ተነስተው በሩን ዘጉ። የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ መዝሙሩም ጸሎቱም በሹክሹክታ የሆነባቸው ሴት ናቸው፤ ካድሬ ሲጠይቅ አላየሁም አልሰማሁም ማለት የዘወትር ኑሯቸው ነው። ጆሮው ሥር ጎንበስ አሉ።

«አስፈራሩህ?»

«ኧረ ማንም አላስፈራራኝም፣ እማማ!»

«ከጦሩ ጠፍቷል፣ አይደል? ልጄ ጠፍቷል። እንዳይፈልጉት ነው ሞተ የምትሉት።»

«በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ፣ አላየሁትም!»

«እንዲህ በል። ለጠየቀህ ሁሉ እንዲህ በል» አሉ። ፊታቸው በርቷል። «እኔም አልናገርም። እኔ ነገር አልገባኝም መሰለህ? ለልጄ ብለህ ይህን ሁሉ ውርደት በራስህ ላይ ተናገርክ።»

ወንዳፈረው አለቀሰ። እሳቸውም እንባውን በነጠላቸው ጠርገው፣ አይዞህ እያሉ እጁን ሳሙት።