ለፒክል የተመረጠው ባሕር ዳር

በኮሮናው ዓመት ስፔን መሄድ ሲከለከል፣ ልጄ ራስልና ሚስቱ ፊሊፓ ለውሻቸው ለፒክል የሚመች ዕረፍት እዚሁ እንግሊዝ ውስጥ ሊፈልጉ ተነሡ። አዎ፣ ለውሻው! ሦስት ወር ሙሉ በስልክ ያደነቆሩኝ በሱ ወሬ ነው። ግቢው አጥር አለው ወይ? መጠጥ ቤቱ ውሻ ያስገባል ወይ? ሶፋ ላይ ቢተኛ ይቆጣሉ ወይ? እኔን እናቱን "ጉልበትሽ እንዴት ነው?" ያለኝ የለም።

በመጨረሻ ለነሐሴ፣ ኖርፎክ ባሕር ዳርቻ ላይ፣ ከቤቴ ሃያ ደቂቃ የማይርቅ ቤት ተከራዩ።

"እንግዲያው እግረ መንገዳችሁን ግቡ" አልኩት።

"ኧረ እማዬ! በሽታው በአንቺ ዕድሜ አይቀለድበትም፤ ለአንቺው ብለን እኮ ነው።"

ዓመቱን ሙሉ ለኔ ብሎ በመስኮት ነው እጁን ሲያወዛውዝልኝ የከረመው።

በደረሱ ማግስት ደወለልኝ። "እማዬ፣ ጉድ ሆንን! እዚህ አሸዋው ላይ ከግንቦት እስከ መስከረም ውሻ ክልክል ነው።"

"ይሄንን እኮ የሰፈራችን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል! እዚሁ አይደል እንዴ ያደግከው?"

"እኛ የጠየቅነው ስለ አጥሩ ነበር" አለኝ የኔ ብልጥ።

ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ጭምብል የለ፣ ርቀት የለ፣ ራስል ዘው ብሎ ገባና ሳሎኔ መሐል የውሻውን ፍራሽ ዘረጋ።

"ለሳምንት ብቻ ነው፣ እማዬ። አደራሽን ትተሽው እንዳትወጪ" አለኝ ፒክልን እያሻሸ። "ብቸኝነት አይችልም።"