ወደ ውስጥ የዞረው ጎን

የጎማ ዕድሜ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው? ፋብሪካው ካመረተበት ሳምንት ነው ወይስ ነጋዴው ምሎ ከሸጠበት ቀን? መልስ ያላችሁ ወዲህ በሉ! ክንዱ ግን መልስ የሚሰጠው ሰው አጥቶ፣ በእሑድ ጠዋት፣ የፈነዳ ጎማ ከነቸርኬው ታቅፎ በላቸው ጎሚስታ ደጃፍ ላይ ከባጃጅ ወረደ።

"አንተ፣ ክርስትና ልታስነሳው ነው እንዴ እንዲህ የታቀፍከው?" አለ በላቸው የሱቁን በር እየከፈተ። የክንዱን ፊት ሲያይ በቀልዱ አፈረ። "ምስጢር እንዴት አደረች?"

"አላውቅም። እህቴ ከሆስፒታሉ በር መለሰችኝ።"

"ምነው?"

"'መፍጠንህን ሽማግሌ ፊት እመን፤ ከዚያ በኋላ ትገባለህ' አለችኝ። አራት ሰዓት ላይ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይጠብቁኛል። ከማመኔ በፊት አንድ ነገር ልወቅ ብዬ ነው የመጣሁ። ፍታና እየው። ድንጋይ መትቼ ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ።"

ምስጢር የእህቱ የየትነበርሽ ልጅ ናት። የዛሬ ሳምንት ሙሽራ ነበረች። ክንዱ ፀዳ በምትባል ቦታ የነበረችውን ቁራሽ መሬት ሸጦ የገዛት፣ ባለሁለት በር፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ ቀይ የስፖርት መኪና አለችው። ከተማው ውስጥ አምሳያ ስለሌላት የሰርግ ሰሞን እረፍት የላትም። የእህቱን ልጅማ ራሱ አጅቦ ሊድር ለዓመት ያህል ሲያልም ኖሯል። ሙሽራውን ባምላክንና ምስጢርን ከኋላ አስቀምጦ፣ ኮሶዬ ወደሚገኘው ወደ ባምላክ አባት ቤት ሲወስዳቸው፣ አንዲት ቁልቁለት ላይ የፊት ግራው ጎማ ፈነዳ። መኪናዋ ጠርዙን አልፋ ሁለት ጊዜ ተገለበጠች። ክንዱና ባምላክ በጭረት ተረፉ። ምስጢር ግን እስከ ዛሬ እግሯን ሲነኳት አይሰማትም።

ክንዱ የሚነዳው በሠላሳ ነበር። ማን ይመነው? "ያቺ ቀይ መኪና በሠላሳ? ሠላሳማ ቆማም ትሄዳለች!" ይላል ሰፈሩ። ባምላክም ሲጠየቅ፣ "እኔ የማየው እሷን እንጂ መንገዱን አልነበረም" ብሎ ከማልቀስ በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም።

በላቸው ጎማውን በብረት ፈልቅቆ ከቸርኬው አላቀቀው። በቸርኬው ጠርዝ ላይ ጣቱን ቀስ አድርጎ አዞረ።

"ድንጋይ ቢመታው እዚህ ጋ ይታጠፍ ነበር። ደህና ነው።"

ከፈነዳው ቦታ አንዱን ቁራጭ ይዞ ሊለጥጠው ሞከረ። አልተለጠጠም፤ እንደ ደረቀ ቂጣ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። በላቸው ቁራጩን ጣለው። ከዚያ ጎማውን ገለበጠና፣ ተገጥሞ ሳለ ወደ መኪናዋ ሆድ ዞሮ የነበረውን ጎን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው።

"ና እየው።"

አራት ቁጥሮች ነበሩ፦ 0910።

"ዘጠነኛው ሳምንት፣ ሁለት ሺህ ዐሥር። በፈረንጅ ነው። በእኛ የካቲት ሁለት ሺህ ሁለት።"

ክንዱ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። የካቲት ሁለት ሺህ ሁለት። ምስጢር አንደኛ ክፍል ነበረች። ጠዋት ጠዋት እጇን ይዞ ትምህርት ቤት የሚያደርሳት እሱ ነበር። እሷ ፊደል ስትቆጥር ይህ ጎማ ተሠርቶ፣ እሷ ስታድግ እሱ አንድ መጋዘን ውስጥ ሲደርቅ ኖሮ፣ ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ጠብቆ በሰርጓ ቀን ደረሰባት።

ጎማውን የመረጠው ደግሞ ክንዱ ራሱ ነው። እንቅልፍ የነሳውም ይኸው ነው።

ከሰርጉ ሦስት ሳምንት በፊት ፒያሳ ወደሚገኘው የአዳነ ሱቅ ገብቶ ነበር። አዳነ የጎማ ነጋዴ ብቻ አይደለም፤ የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር፣ ለቅሶ ቤት ሲገባ ሰው ከመቀመጫው የሚነሣለት ሽማግሌ ነው።

"አያ አዳነ፣ የሚከርም ጎማ ነው የምፈልግ። የዚህች መኪና ልክ እንደ ልብ አይገኝም። መንገዱም አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። አንዴ ገዝቼ ልረፍ።"

አዳነ ሁለት ዓይነት አሳየው። አንደኛው ለስለስ ያለ፣ ጥፍር ሲጫኑት እሺ የሚል ነው። ሌላው ጥርሱ ጥልቅ፣ ጥቁረቱ የሚያብለጨልጭ፣ ድርቅ ያለ። ክንዱ የአውራ ጣቱን ጥፍር በሁለቱም ላይ ተጫነ። እሱ የሚያውቃቸው ሾፌሮች ሁሉ እንዲህ ነው የሚመርጡ፤ ጥፍር የማይገባበት ጎማ ቶሎ አያልቅም ይላሉ። እውነት ነው፣ አያልቅም። ድንጋይም አያልቅም! ግን ድንጋይ ላይ ሙሽራ ጭኖ ቁልቁለት የሚወርድ ማን ነው?

"ለስላሳውን ተወው፤ የኮሶዬ መንገድ በስድስት ወር ይበላዋል" አለ አዳነ። "ይሄኛው ግን ካንተም በላይ ነው የሚኖር። ለልጅህ ታወርሰዋለህ።"

"ልጅስ የለኝ። ለእህቴ ልጅ ይሁን" አለ ክንዱ፤ ሁለቱም ሳቁ።

የተመረተበት ቁጥር በአንዱ ጎን ብቻ እንደሚጻፍ ክንዱ ያውቃል። ያ ጎን ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር። ጎንበስ ብሎ ሊያዞረው ሲል አዳነ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

"ኪዳነ ምሕረትን! ከወደብ ከተነሣ ሁለት ወር አልሞላውም። ከዚህ ወዲያ ልታየው ነው?"

የክንዱ እጅ ባለበት ቀረ። ስሟ ተጠርቶ ጎማ ማዞር ሰውየውን ፊት ለፊት "ዋሽተዋል" ማለት ነው። ይህ እንኳን በአዳነ፣ በማንም ላይ አይደረግም። ክንዱ ደግሞ የካህን ልጅ ነው፤ መሐላ ሲሰማ ዝም ማለትን ከአፍ መፍቻው ጋር ነው የተማረው። "ይቅር ይበሉኝ" ብሎ ቀና አለ። አዎ፣ ይቅርታም ጠየቀ! የሱቁ ሠራተኞች አራቱንም ጎማዎች ቁጥራቸውን ወደ ውስጥ አዙረው ገጠሙለት።

"በላቸው፣ ተነሥ፣ አብረን እንሂድ" አለ ክንዱ አሁን። "ይህን ለሽማግሌዎቹ አስረዳልኝ።"

"እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ ዳኛ አይደለሁም። ግማሹን ሥራ የሚልክልኝ አዳነ ነው፤ ልጆች አሉኝ።" በላቸው ጨርቁን መሬት ላይ ጣለው። "ሐሙስ ዕለት አዳነ የሸጠውን፣ የዚሁኑ ፋብሪካ ጎማ፣ በኮሶዬ ለሚያልፍ የደባርቅ ሚኒባስ ገጥሜያለሁ።"

"ቁጥሩን አይተህ?"

በላቸው የጣለውን ጨርቅ አነሣ።

"አይተህ ነው ወይ?"

"አይቼ። ለሾፌሩም ነገርሁት። 'አያ አዳነ ምለውልኛል' አለኝ። ከዚህ ወዲያ ምን ልበል?"

ከዚያ በላቸው የተበሳ ጎማ የሚያመለክትበትን ነጭ ጠመኔ ከኪሱ አወጣና፣ ተንበርክኮ፣ አራቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ ሞላቸው።

"ከሩቅ ይነበባል። የኔ እጅ እንዳለበት ግን እንዳትናገር።"

ክንዱ ጎማውን እያንከባለለ ግቢው ሲደርስ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው መበተን ጀምሯል። ጎማውን የጠመኔው ጽሑፍ እንዳይታይ አድርጎ ከቅጥሩ ጋር አስደገፈውና ወደ ወይራው ሥር ሄደ። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ በቀኝ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ፣ በግራ ከኮሶዬ የመጡት የባምላክ አጎት አያ አድማሴ፣ መሐል ላይ አዳነ። የትነበርሽ ነጠላዋን ተከናንባ ፈንጠር ብላ ቆማለች።

"ልጄ፣ ነገሩ አጭር ነው" አሉ መሪጌታ። "'ፈጥኜ ነበር፣ ይቅር በሉኝ' በል። እህትህ ትስምሃለች፤ አብራችሁ ሄዳችሁ ልጅቱን ትጠይቃላችሁ።"

"እኛስ ቂም አልያዝንም" አሉ አያ አድማሴ። "ሸጋ ልጅ መሆንህን እናውቃለን። ብቻ እውነቱን በለን።"

"ሰው ነህ፣ ያጋጥማል" አለ አዳነ ለስለስ ብሎ። "መኪናዪቱም የዝግታ አይደለች። እመንና ሁላችንንም ገላግለን።"

የትነበርሽ ወደ ወንድሟ ቀረበች። ለሳምንት ያለቀሰ ዓይኗ አብጧል።

"ክንዱ፣ ሌሊቱን ስትጠራህ ነው ያደረች። 'አጎቴ ተቆጥቶኝ ነው ወይ የቀረ?' ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት? አንዲት ቃል ናት። ተናገራትና እንሂድ። ካልሆነ ግን ወንድም የለኝም፤ ያችን በርም አትረግጣት።"

አንዲት ቃል። ክንዱ ሊላት አፉን ከፈተ። በዓይነ ሕሊናው ሆስፒታሉ በር ላይ ደርሶ፣ ገብቶ፣ የምስጢርን እጅ ይዞ ነበር። "ፈጥኜ ነበር" ቢል ማን ይጎዳል? እሱ ብቻ! ይህን ጊዜ ግን ያ ሚኒባስ፣ ሰው ጢም አድርጎ ጭኖ፣ ያችኑ ቁልቁለት እየወረደ ይሆናል። እሱ ፈጣን ከተባለ፣ ጎማው ንጹሕ ሆኖ ይቀራል።

"እቴ፣ አጥፍቻለሁ" አለ። "እግርሽ ላይም እወድቃለሁ። ግን ጥፋቴ መፍጠን አይደለም። መሐላ ሰምቼ እጄን መሰብሰቤ ነው።"

ወደ ቅጥሩ ሄዶ ጎማውን አንከባሎ አመጣ። አዳነ ገና ሲያየው ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ተነሣ።

"ምንድን ነው ይሄ? በሰንበት፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ጎማ ይንከባለላል?"

"ክንዱ፣ ተው!" አሉ መሪጌታ።

ወደ በሩ ሲያመራ የነበረው ሰው ተመልሶ ከበባቸው። የትነበርሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ክንዱ እህቱን አንድ ጊዜ አያትና ጎማውን አዳነ እግር ሥር አቆመው፤ ፒያሳ ሱቅ ውስጥ ሊያዞረው ጀምሮ የተወውን ጎን አሁን አዞረው። አራቱ ነጭ ቁጥሮች ወደ ሽማግሌው ፊት ዞሩ።

"አያ አዳነ፣ ኪዳነ ምሕረትን የጠሩት በዚህ ጎማ ላይ ነው። ዛሬ ደጃፏ ላይ ቆመዋል። ለእኔ አይንገሩኝ፤ እነዚያ ከኋላ የቆሙት እንዲሰሙ፣ ጮክ ብለው ያንብቡት። መቼ ነው የተሠራ?"