የጳጉሜ ዘጠኝ ቀጠሮ

ለማራኪ የተሰጣት የምዘና ቀጠሮ ለጳጉሜ ዘጠኝ ነበር። ቀኑ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎ ክብ ማኅተም አርፎበታል፤ ስርዝ ድልዝ የለውም።

እናቷ ዘርፌ ልብስ ሰፊ ናትና በቁጥር በዋዛ አትታለልም። የምዘና ጽሕፈት ቤቱ መስኮት ጋ እንደቆመች፣ "እህቴ፣ ጳጉሜ እኮ አምስት ቀን ነው" አለች።

"ዘንድሮ ስድስት ነው" አለቻት መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ።

"ይሁን ስድስት። ዘጠኝን ከየት አመጣሽው?"

"እስከ ስድስት ያለው ሞልቷል፣ እናት። ክፍት ያለን ከዚያ ወዲያ ነው። ካልፈለጉት ለሌላ ልስጠው?"

ዘርፌ ወረቀቱን ላፍ አድርጋ ወሰደች። ምን ታድርግ? ማራኪ ስምንት ዓመት ሞልቷት አንዲት ቃል ከአፏ ወጥታ አታውቅም። ትምህርት ቤቱ "የምዘና ውጤት ይዘሽ ነይ፣ ልዩ መምህርት ያለችበት ክፍል እናስገባታለን" ካላት ሁለት ዓመት አልፏል። በዚህ መሀል ቀጠሮው አራት ጊዜ ተገፍቷል፤ አንዴ መዛኙ ሥልጠና ሄዶ፣ አንዴ ቅጹ አልቆ፣ ሁለቱን ጊዜ እንዲሁ ያለ ምክንያት። ዘርፌ ልጇ ስትናገር ለመስማት አንጀቷ አርሯል። ይህንንም ከማንም አትደብቅም፤ ሱሪ ለማሳጠር የመጣ ደንበኛ ሁሉ ያውቀዋል።

ጳጉሜ ስድስት ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ እትዬ ባንቺአምላክ ብቅ አሉ። "ነገ በዓሉን እኛ ጋ ነሽ፣ እንዳትቀሪ።"

"እኔ ገና ነኝ እትዬ። ቀጠሮዬ ሦስት ቀን ይቀረዋል።"

"እንግዲያ ድርሻሽን አስቀምጥልሻለሁ" አሉና ሄዱ።

በማግስቱ ሰው ሁሉ መስከረም አንድ ገባ። ዘርፌና ማራኪ ጳጉሜ ሰባት ገቡ። መንገዱ ያው ነው፤ ታክሲ ግን የለም፣ ሱቆቹም ዝግ ናቸው። ውጭ የሚታየው ወረቀት የያዘ ወላጅና እጁን የተያዘ ልጅ ብቻ ነው። ከመስከረም በኩል የበዓል ጨዋታ ይሰማል፤ ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤት ቤት ያለ ይመስላል። ወረቀት ከያዙት ወላጆች ጋር ሰላምታ እየተለዋወጡ አለፉ።

ጳጉሜ ዘጠኝ ጽሕፈት ቤቱ በሰዓቱ ተከፈተ። መዛኙ ጨዋ ሰው ነበር፤ ከማራኪ ጋር ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ ግማሽ ቀን ሙሉ ሥዕል ሲያሳያት፣ እንጨት ሲያስደረድራት ዋለ። ሲጨርስም፣ "የልጅዎ ጆሮ ደህና ነው፣ አእምሮዋም ደህና ነው። ታግሣ የምታስተምራት ካገኘች ትናገራለች" አለ።

ዘርፌ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ "ተመስገን። አሁን ወደ መስከረም በየት እንመለሳለን?" አለች።

"የመመለሻ ፈቃድ እኛ አንሰጥም። ማመልከት ይቻላል።"

"ውጤቷስ?"

"ውጤቷ ዛሬውኑ ለትምህርት ቤቱ ይደርሳል። ደብዳቤ ይሻገራል፤ የሚያስቸግረው ሰው ነው።"

የመመለሻ ማመልከቻዋን ሞላች። ቀጠሮው ለጳጉሜ አርባ ሆነ።

ዘርፌ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ወዲያ ማዶ፣ መስከረም ውስጥ፣ ትምህርት ሲከፈት በነሱ በኩል ጳጉሜ ሃያ ነበር። የማራኪን ጸጉር ሠርታ፣ ዩኒፎርም አልብሳ ወሰደቻት። ዘበኛ የለም፣ ግቢው ጭር ብሏል። የልዩ መምህርቷን ክፍል ፈልገው ገቡ፤ ማራኪ የፊተኛው ዴስክ ላይ ተቀመጠች።

ሁለት ሰዓት ላይ የመምህርቷ ድምፅ ከጥቁር ሰሌዳው አካባቢ ተሰማ። ስም እየጠራች ነው። ባዶ ከሆኑት ዴስኮች የማይታዩ ልጆች አንድ በአንድ "አቤት" ይላሉ። ደብዳቤው ደርሷል ማለት ነው፤ ሰባተኛው ስም የማራኪ ነበር።

ማራኪ ተነሳች። "አቤት" አለች።

ዘርፌ የበሩን መቃን ያዘች። እንደ ማንም ልጅ ድምፅ ነበር፤ ትንሽ ጎርነን ይላል። ስምንት ዓመት የጠበቀችው ይህንኑ ነው።

መምህርቷ ስሙን ደገመችው።

"አቤት" አለች ማራኪ፣ ከፍ አድርጋ።

ሦስተኛ ጊዜ ተጠራ።

"እዚህ ናት፣ እዚህ ናት" አለች ዘርፌ፣ ወደ ሰሌዳው እየተጠጋች። ከዚያ ማዶ "ቀሪ" ሲባልና እስክሪብቶ ወረቀት ሲጭር ተሰማ፤ ቀጣዩም ስም ተጠራ።

ማራኪ አልተቀመጠችም። ባዶው ክፍል ውስጥ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ከዚያ ወዲያ ለተጠራው ስም ሁሉ "አቤት" ትል ጀመር።