የወፏ ድርሻ

መኪናው ከታችኛው ጠመዝማዛ ሳይወጣ ታሞ ድምፁን ሰማች፤ እግሯም እንደ ልማዱ ቀድሟት ወደ ጓሮው በር ዞረ። እንደምንም መለሰችው። የዛሬው እንግዳ ተለምኖ የመጣ ነው፤ በር ላይ ቆመው የሚቀበሉት። ካናቢስ በድብቅ ሲዘራባቸው በኖሩት በሪፍ ተራሮች ግን የመኪና ድምፅ ሰምቶ መቆም ቀላል ነገር አይደለም፤ ለታሞ ደግሞ ከማንም ይልቅ ይከብዳት ነበር።

ባሏ ዐያድ የሞተው ከመኪና ሲሸሽ ነው። በመኸር ወራት፣ ኪፍ የሚሉት ካናቢስ ጣሪያ ላይ ተሰጥቶ ሳለ፣ አንድ ጂፕ ዳገቱን ሲወጣ አባቱ ሲ ዓላል ጀንዳርም የሚባለው ፖሊስ መስሏቸው «ሩጥ!» ብለው ጮኹ። ዐያድ ሮጠ፤ ከቤቱ በላይ ካለው ገደልም ወደቀ። ጂፑ የፍየል ክትባት ይዞ የመጣ የእንስሳት ሐኪሞች መኪና ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሽማግሌው ያቺን ቃል ለፍየል እንኳ ተናግረው አያውቁም፤ ታሞም አንስታባቸው አታውቅም። ሁለቱ ባንድ ጣሪያ ሥር ያንን ዝምታ ይዘው ኖሩ።

አሁን መንግሥት ፈቃድ ያወጣ ሰው ካናቢስ በጠራራ ፀሐይ ይዝራ ብሏል። ፈቃዱ ግን እንዲሁ አይገኝም። ገበሬው የማኅበር አባል መሆን አለበት፤ ባለመሬቱ ድንበሩ ላይ ቆሞ በገዛ አንደበቱ መስማማት አለበት፤ የሚዘራውም ማኅበሩ የሚያድለው የተመዘገበ ዘር ብቻ ነው። ከአሮጌው ዘር አንድ ግንድ በማሳው ወይም በግቢው ከተገኘ የአመልካቹ ስም ይሰረዛል። ታሞ ይህን ፈቃድ የፈለገችው ለሀብት አልነበረም። ከዚህ ቤት ማንም ሰው ዳግመኛ እንዳይሮጥ ነው።

ከጂፑ መጀመሪያ የወረደው ቡሽታ ነበር፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ የሚገባ፣ አፉ የማያርፍ ሰው። ከኋላው ተቆጣጣሪው መርዋን ወረደ፤ የፋስ ከተማ ልጅ፣ ቀጠን ያለ፣ ጫማው ገና ጭቃ ያላወቀ።

«ላላ ታሞ፣ እመቤቴ፣ ሰውዬው ዐይኑ መርፌ ነው» አለ ቡሽታ ጠጋ ብሎ። «እኔ ቤት ገብቶ ሚስቴ ያጣችውን ቀለበት አገኘላት።»

ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት። ታሞ ካለፈው ዝናብ ጀምሮ የአሮጌውን ዘር ቡቃያ ሁሉ ከነሥሩ ስትነቅል፣ ወገቧ እስኪቆረጥ ስታጎነብስ ነው የከረመችው። መርዋን አንዳንድ ቦታ ቁጢጥ እያለ አፈሩን በጣቱ ጫረ። ምንም አላገኘም።

«ንጹሕ ነው» አለ በመጨረሻ። «የቀረን የባለመሬቱ የሲ ዓላል ቃል ነው።»

የታሞ ልብ ያኔ ትንሽ አረፈ። ማረፍ አልነበረበትም።

ሲ ዓላል በለሱ ሥር፣ ከወፋቸው ቀፎ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ፊቷ ቀይ፣ ክንፏ ቢጫ ጥለት ያለው ትንሽ ወፍ ናት፤ «ሙሽራዬ» ነው የሚሏት። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ከሰው ይልቅ ከሷ ጋር ያወራሉ። ታሞ አሬራውን በጣባ ይዛ ቀረበች፤ ለተቆጣጣሪው ሰጥታ ቀና ስትል ዐይኗ ከቀፎው ሥር ወደቀ።

የኪፍ ቡቃያዎች በቅለዋል። የዕቃ እጣቢ በሚፈስበት ቦይ ዳር፣ ስንዝር ያህል፣ ጣት ጣት የሚመስለውን ቅጠላቸውን ዘርግተው። ሙሽራ የምትበላው አሮጌውን የኪፍ ዘር ነው፤ ከዚያ ሌላ ሲሰጧት ትኮርፋለች። እየፈለፈለች የጣለችው መሬት ላይ ሲረግፍ ከርሞ እነሆ። ታሞ ማሳ ሙሉ ስትነቅል፣ በየማለዳው የምትጠርገውን ግቢ አላየችውም።

ሽማግሌው ፊቷን አዩ፤ ዐይኗን ተከትለው ወደ እግራቸው ሥር አዩ። ከዚያም በርጩማውን በቀስታ ገፉና መሬት ላይ፣ እዚያው ቡቃያው ላይ ዝርፍጥ ብለው ረጅሙን ቀሚሳቸውን፣ ጀለባቸውን፣ ዙሪያውን ዘረጉት።

«ሲ ዓላል፣ ድንበሩ ድረስ እንሂድ?» አለ መርዋን።

«እግሬ እምቢ ብሎኛል ልጄ። ሞቷል።»

«መቼ ሞተ?» ቡሽታ ሳቀ። «ትናንት ገበያ ደርሰው መጥተው የለ? እኔን እኮ ዳገቱ ላይ ቀደሙኝ!»

«ትናንት አንተን ስቀድም ነው የሞተው።»

መርዋንም ፈገግ አለ፤ ግን አልሄደም። የተገፋውን በርጩማ ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። «እንግዲያው ድንበሩን ከዚሁ ያሳዩኛል» አለ። ሽማግሌው በጣታቸው እያመለከቱ ዋርካውን፣ ጅረቱን፣ የጎረቤቱን የድንጋይ ካብ ነገሩት። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም።

ወፏ ዘር ፈለፈለች። ገለባው ተንሳፍፎ መጣና የተቆጣጣሪው ጉልበት ላይ አረፈ። አነሳው፤ በሁለት ጣቱ መካከል አሸት አሸት አደረገው።

«አባቴም እንዲህ ያለች ወፍ ነበረችው» አለ። «ምንድን ነው የምትቀልቧት?»

«ማሽላ» አሉ ሲ ዓላል።

«ማሽላ የበላች ወፍ እንዲህ አታምርም፣ አባ።»

ቡሽታ እንኳ አፉን ገጠመ። ታሞ አማቷን አየቻቸው፤ የዘረጉትን ጀለባ፣ ጫፉን የጨበጡበትን የሸመገለ እጅ። ነገ ፈቃዱ ቢመጣ እንኳ እኚህ ሰው እዚህ ተቀምጠው እንደሚቀሩ ታወቃት፤ አንዴ የተቀመጡበት ምስጢር መቼም እንደማያስነሳቸው። እሷም አብራቸው።

«ይነሡ አባ» አለች።

«ታሞ!»

«ይነሡልኝ።»

እጃቸውን ይዛ አነሳቻቸው። ቡቃያው ተደፍጥጦ ነበር፤ አልሞተም። ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ነቀለችና ተቆጣጣሪው ፊት አኖረችው። አፈሩ ከሥሩ ይራገፋል።

«የወፏ ነው» አለች። «ማሳውን ጠርጌ ግቢዬን ረሳሁ። በማንም አላመካኝም።»

መርዋን ቡቃያውን ለረጅም ጊዜ አየው። ብዕሩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ መኪናው ሄደና በሩን ከፈተ። የፈቃዱ ማኅተምም እዚያ ነው፤ ጀንዳርም የሚጠራበት ሬዲዮም እዚያ ነው። ቡሽታ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሲ ዓላል ስንት ዘመን የዋጧት ቃል ጉሮሯቸውን ቧጥጣ ወጣች።

«ሩጪ» አሉ በሹክሹክታ። «ሩጪ ልጄ። እኔ ዘራሁት እላለሁ።»

እግሯ ሰማ። የጓሮው በር ክፍት ነበር፤ ከበሩ ማዶ ዐያድ የሮጠባት ቀጭን መንገድ ትታያለች። ታሞ የአማቷን እጅ አጥብቃ ያዘች።

«ክትባት ይዞ ቢሆንስ፣ አባ?»

ሽማግሌው አዩዋት። ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ዐይን ለዐይን ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። የመኪናው በር ተዘጋ። ታሞ የእንግዳውን ባዶ ጣባ አንሥታ አሬራውን እስከ አፉ ሞላችለት፤ ጫማው ጠጠሩን እየረገጠ ሲመጣም ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።