ከዘጠና ሰባት ቀጥሎ

መምህር ዐብዲሐኪም ቁጥር አይፈራም። ጠዋት ከሳቢያን ሰፈር በባጃጅ ሲሄድ ገና ሳይቀመጥ ታርጋውን ያይና ሹፌሩን፣ «ያንተ ለሰባት ይካፈላል» ይለዋል። ሹፌሩም ነዳጅ በነጻ የተሰጠው ይመስል፣ «አልሐምዱሊላህ!» ይላል።

ዋናው ኩራቱ ግን 1,000,001 ነበር። ከግራም ከቀኝም ቢያነቡት ያው የሆነውን ይህን ቁጥር፣ «ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም አይካፈልም» እያለ ስምንት ዓመት አስተማረ። በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይም በሰማያዊ ቀለም አጽፎታል።

ባለፈው ጥቅምት ዱኒያ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣችና፣ በድሬ ልጅ ወግ አንተ ብላ፣ «ቲቸር፣ ለመቶ አንድ ሞክረኸዋል?» አለችው።

አልሞከረውም። ደንቡ እስከ ሺህ ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ሞክር ይላል፤ እሱ ግን ያኔ ዘጠና ሰባት ላይ ሲደርስ ታክቶት፣ ይበቃል ብሎ ትቶታል። ይህን ከማመን ይልቅ፣ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም! ተቀመጪ፣ እመት መቶ አንድ!» ብሎ ክፍሉን አሳቀባት። ስሙ ተለጠፈባት። ባጃጅ ተራ ላይ ሳይቀር «መቶ አንድ!» ይሏታል። ከዚያ ወዲህ እጇን አውጥታ አታውቅም።

ዛሬ ረፋድ ላይ የፈተና ወረቀት ሲያርም፣ ሰባተኛው ጥያቄ ይኸው ቁጥር ነበር። ዱኒያ «ብቸኛ ነው» ብላለች። ራይት አደረገላትና በቀይ «ጎበዝ!» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን ሊያስቀምጥ ሲል ከመልሱ በታች በላጲስ የጠፋ ነገር አየ። ወደ መስኮቱ አዞረው። 101 × 9901 ይላል።

አባዛው። አንድ ሚሊዮን አንድ። ደግሞ አባዛው፤ ያው ነው። ፊቱ ጋለ። ከዘጠና ሰባት ቀጥሎ የሚመጣው ብቸኛ ቁጥር መቶ አንድ ነበር፤ አንድ ቁጥር ብቻ ቢታገስ ኖሮ ያገኘው ነበር። ከስንፍናው በላይ ያንገበገበው ግን «ጎበዝ» የምትለዋ ቃል ናት። ልጅቷ እያወቀች ሐሰት ጽፋለች፤ ያስጻፋትም የሸለማትም እሱ ነው። የመምህራን ክፍል ውስጥ ብቻውን ሆኖ ሳለ፣ ሰው ያየው ይመስል ወረቀቱን በደብተር ከለለው። ግድግዳውን ቀለም አስቀብቶ ዝም ማለትም አማረው። በዚህ ሐሳቡ ደግሞ ይበልጥ አፈረ፤ እሱ ዝም ካለ ያቺ ልጅ እጇን እንዳጠፈች ትቀራለች።

ደወሉ ሲደወል ክፍል ገባ። ማካፈሉን ሰሌዳ ላይ እስከ ዜሮ ድረስ ሠራና ጠመኔውን አስቀመጠ።

«ተሳስቻለሁ» አለ። «ስንፍናዬን ልሸፍን ብዬ ዱኒያን አዋረድኳት። ትክክል የነበረችው እሷ ናት። ይቅር በይኝ።»

ከዚያ ዱኒያ እጇን አወጣች። ዐብዲሐኪም እንባው ሊመጣ ደረሰ።

«እሺ፣ ዱኒያ!»

«አቦ ቲቸር፣» አለች ዓይኗን ከዴስኩ ሳትነቅል፣ «እንዲህ ከሆነማ የሰባተኛዋን ማርኬን ትቀንስብኛለህ?»