ሞራ የተገፈፈለት ሌንስ

እንደ ፎቶ አንሺዋ ወንድም አነጋገር የካሜራው ሌንስ ታሞ ነበር፣ አሁን ድኗል። ውስጡን እንደ ጉም ያለ ነገር ጋርዶት ስለነበር፣ እጁ ለሚታመን ጠጋኝ ወስዶ አስፈታው፣ መስታወቱን አስጠረገው፣ መልሶም አስገጠመው። ይኸው እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቷል። ምስጋና ሲገባው ስድብ ተረፈው።

እንደ እሷ አነጋገር ግን፣ እሷ ሆስፒታል እናታቸውን ስታስታምም፣ ወንድሟ መሳቢያዋን ከፍቶ የአባታቸውን ሌንስ ገድሎ መልሶ አስቀመጠላት።

እናታቸው በሁለቱ መካከል፣ ደንበኛ ፎቶ ሊነሳ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ፣ አዲስ ሸሚዟን ለብሳ ቁጭ ብላለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ካሜራ ፊት ተቀምጣ አታውቅም። ልጇ በለመነቻት ቁጥር «ዓይኔ ይብራልኝና እነሳልሻለሁ» እያለች ታሳልፋት ነበር። ዓይኗ በራ፤ ቀኑም ዛሬ ነው። ልጅቱ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በስቱዲዮው መስኮት ላይ እንደተሰቀለው ያለ ፎቶ። እሱን አባቷ ነው ያነሳው፣ በዚሁ ሌንስ። የእናቷ ፀጉር ዳር ዳሩ በብርሃን ሟሙቶ፣ ጉንጯ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ያየውና ገብቶ «እንደዚች አድርጉኝ» ይላል።

«ለመሆኑ ማን ፈቀደልህ?»

«ለጥገና ደግሞ ፈቃድ ይጠየቃል? የሰው ዓይን እንኳን ሞራ ሲይዘው ይገፈፋል። እማዬ ሲገፈፍላት በደስታ ስታለቅሺ አልነበር?»

«እማዬን የነካት ሐኪም ነው! ያንተ ጠጋኝ ሰዓት ሠሪ አይደለም እንዴ?»

«ሰዓትም ሌንስም ይሠራል።»

«ማቀዝቀዣም ይሠራል በለኛ!»

ሰውየው ማቀዝቀዣም ይሠራ ነበር።

«አባዬ ምን ይል ነበር? "ሞራዋን ተዉላት" አይልም ነበር?» አለች እህትየው።

«ይል ነበር! የሚገፍፍለት ሰው ስላጣ ነዋ። እኔ አገኘሁለት።»

ልጅቱ ሌንሱን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀናችው። ያንን ቃል ሁለቱም የሰሙት አንድ ላይ፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው። አባትየው ሞራ ሲል የሌንሷን ጸጋ ማለቱ ነበር፤ ልጁ የሰማው ግን መድኃኒት ያልተገኘለት በሽታ ነው።

«ደግሞ አንቺም እወቂበት እንጂ» አለ ወንድሟ ፋታ ማግኘቱን አይቶ። «የተመራቂዎቹን የቡድን ፎቶ በዚህ ጉድ አንስተሽ፣ ዳር የቆሙት ሁሉ ፊታቸው እንደ ሻማ ሲቀልጥ፣ ስድቡን ቆሞ የጠጣው ማነው? አዲሱ ሌንስ እያለልሽ! እሱ ሽፋሽፍት ይቆጥራል።»

«ሽፋሽፍት ቁጠሪ ብሎ የቀጠረኝ የለም!»

ስለ ተመራቂዎቹ እውነቱን ነበር፤ ታውቃለች። ማወቋ ይበልጥ አናደዳት።

«ወንድም ጋሼ ማለቱን ተውሽው ዛሬ?» አለች እናትየው።

ልጅቱ ሌንሱን ካሜራው ላይ ገጠመችና ከመስኮቱ ብርሃን ፊት ለፊት ሆና እናቷን ለሙከራ አነሳቻት። ወዲያው አዲሱን ሌንስ ገጥማ ደገመች። ሁለቱን ፎቶዎች ኮምፒውተሩ ላይ ጎን ለጎን ከፈተቻቸው። ድሮ ቢሆን የመስኮቱ ብርሃን በእናቷ ትከሻ ላይ ሞልቶ ወደ አንገቷ ይፈስ ነበር። አሁን ትከሻዋ ጋ ሲደርስ ቁም እንደተባለ ሰው ቀጥ ብሏል። የፊቷ መስመር ሁሉ በየተራው ተሰልፏል።

ወንድሟ አንገቱን አስግጎ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። «የአባዬ የትኛው ነው?»

«አየህ?» ዞረችበት። «አየህ ያደረግከውን? አሁን ሁለት አዲስ ሌንስ አለን። የአባዬ የለም!»

«ጉሙን እኮ በኮምፒውተር ላለብስልሽ እችላለሁ...»

«ታለብሳለህ? ሶፋ ነው?» የሌንሱን ክዳን ከግድግዳው ጋር አላተመችው። ክዳኑ ተንከባሎ እናትየው እግር ሥር ቆመ።

«ለዛሬ እንዲደርስልሽ ብዬ ነው» አለ ወንድሟ ቀስ ብሎ። «እማዬና ሌንሱ ሁለታቸውም ድነው እንዲገናኙ ብዬ።»

ይህን አምናዋለች። ሆን ብሎ ክፉ አስቦ ቢሆን ይቀላት ነበር፤ ክፉን ሰው እስኪበቃት ትሰድበዋለች። ደግ አስቦ ያበላሸባትን ምን ታድርገው?

እናትየው ክዳኑን አንስታ ተነሳችና ወደ መስኮቱ ሄደች። የድሮውን ፎቶ በአዲስ ዓይኗ ቀርባ ስታየው ቆየች።

«ለካ ጉሙ እዚሁ ላይ ነው» አለች። «ይኼን ሁሉ ዓመት የዓይኔ ጣጣ ነው እያልኩ ዓይኔን ስጠርግ ኖርኩ።»

ወንድሟ ሳቀ። እህትየው አልሳቀችም።

እናትየው ተመልሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «በይ አንሺኝ።»

«በምን?»

«በአባትሽ ሌንስ ነዋ። እሷም ተገፈፈች፣ እኔም ተገፈፍኩ። የእኔ ሐኪም ላይ ግን አልጮህሽም።»

«እማዬ፣ እንደዚያኛው አትወጪም እኮ።»

«አውቃለሁ። እንደዚያ ያየኝም ሰውዬ የለም።»

ልጅቱ እምቢ ልትል ከንፈሯን ከፈተች። ወንድሟ ሳይታዘዝ የመብራቱን እግር ይዞ፣ ወዴት ላድርገው በሚል ዓይን ያያታል። አሮጌውን ሌንስ መልሳ ገጠመችው።

«አነሳታለሁ» አለች። «በዚሁ በተገፈፈው። ያኛው ፎቶ ግን ከመስኮቱ አይወርድም፣ የዛሬውም አጠገቡ አይሰቀልም። መሳቢያው ከአሁን ጀምሮ ይቆለፋል። አንተ ደግሞ፣ ወንድም ጋሼ፣ መብራቱን እዚያው ተወውና ውጣልኝ። አንተን እያየሁ እጄ አይረጋም።»