የባሌ ጠመንጃና የሆቴሉ አንሶላ

ባሌ በእርግቦች ላይ ጦርነት ያወጀው ቁርሱን ሳይጨርስ ነው።

እኛ የምንኖረው የሰው አንሶላ አጥበን ነው። ምድር ቤት ማጠቢያውና መጭመቂያው አለ። ከዚያ በላይ እኛ እንተኛለን። ከሁሉ በላይ ባለው ጠፍጣፋ ሰገነት ላይ ደግሞ ገመድ ተወጥሮ የሆቴሉ ነጭ አንሶላ ይሰጣል። እርግቦቹ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ቤት ሠርተዋል። አንሶላ በተሰጣ ቁጥር አንዷ ትመጣና ኩሷን ጣል አድርጋበት ትሄዳለች። ያንን አንሶላ እንደገና መዘፍዘፍ፣ እንደገና ማጠብ ነው። ሥራ ይበዛል እንጂ ሰው አይሞትበትም።

«ከገመዱ በላይ መረብ እንወጥር» አልኩት። «አንዷም አትደርስም።»

«መረብ ለዓሣ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ስለ መረብ መናገር አልተቻለም። ባሌ አንድ ነገር ተናግሮ አጠገቡ ያለው ሰው ከሳቀለት፣ ያ ነገር ሕግ ይሆናል። የሳቀለት ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ነው። ሰፈሩ «ሻለቃ» ይለዋል። ወታደር ቤት ነበር፣ አልዋሸም፤ የብርድ ልብስ መጋዘን ይጠብቅ ነበር። ሲያወራ ግን ብርድ ልብስ የሚባል ነገር ካፉ አይወጣም።

«ጋሼ፣ የአየር ጠመንጃ ግዛ» አለው እጁን በዳቦ ሞልቶ። «ባሩድ አይል፣ ጋዝ አይል፣ በሚታመቅ ሞላ ብቻ ነው የሚሠራው። ዋጋውም የማይረባ ነው።»

«ዕቃውስ ይረባል?» አልኩ።

«እትዬ፣ አንቺ ደግሞ» አለኝ። ይህ የእሱ የመጨረሻ መልስ ነው፤ ሲጨንቀው ሁልጊዜ ወደዚህች ይሸሻል።

ገበያ አብሬያቸው ሄድኩ። ሁለቱን ብቻቸውን ወደ ሱቅ መላክ አልደፍርም። ሱቁ የዓሣ መንጠቆ፣ የብስክሌት ከመነዳሪና ድንኳን የሚሸጥበት ነው። ጠመንጃዎቹ በግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ባሌ ከሁሉም ርካሹን አወረደና፣ በጥራቱ መርጦ እንዳነሣ ሰው ሰደፉን ይደባብስ ጀመር።

ባለሱቁ የማይቸኩል ሰው ነበር። አፈሙዙን ወደ ታች ሰበር አድርጎ ሞላው ሲታመቅ አሳየን። ወገቧ የቀጠነ ትንሽ የእርሳስ ፍሬ ከኋላ አጎረሰና መልሶ ዘጋው።

«ሞላ ያለው ጠመንጃ ይዘላል» አለ። «አጥብቀህ ከያዝከው ያስትሃል። የተኛ ሕፃን እንደምትይዝ ላላ አድርገህ ያዘው።»

ሻለቃው ሳቀ። «እኛ ጠመንጃ አናስተኛም፣ ወንድሜ።»

«ለምንድን ነው የፈለጋችሁት?»

«ለእርግብ» አለ ባሌ።

«ከጀርባዋ ምን አለ?»

«እርግብ ናት አልኩህ እኮ።»

«ከእርግቧ ጀርባ ማለቴ ነው።»

«ሰማይ ነዋ» አለ ባሌ፤ ሻለቃው እንደገና ሳቀለት። ባለሱቁ እኔን አየኝ። እኔ መሬቱን አየሁ።

ካርቶኑ ላይ ብዙ ነገር ተጽፏል፤ በሰው አገር ፊደል ነው። እኔ ማንበብ የጀመርኩት ዘንድሮ ስለሆነ የማላውቀውን ፊደል አላውቀውም እላለሁ። ባሌ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያነብ ሰው ነው፤ ስለዚህ የማያውቀውንም ያነባል። መንገዱን ሙሉ እያነበበልን መጣ። እሱ እንዳለው ከሆነ ካርቶኑ በሙሉ የሚያወራው ስለ ጉልበቱ ነበር።

ልምምዱ ግቢያችን ውስጥ ተጀመረ። አጥሩ ላይ ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ አቆሙ። ባሌ ጠመንጃውን ሊያመልጠው የነበረ ሌባ እንደያዘ ሰው አንቆ ያዘው። «እንዲህ ነው እንጂ» አለ ሻለቃው፤ «ጠላትህ ነው ብለህ እነቀው።» ተኮሰ። ፍሬዋ የት እንደገባች የሚያውቅ የለም። ቆርቆሮዋ አልተነቃነቀችም። ሻለቃው «እስቲ ወዲህ በለው» ብሎ ተቀበለና አፈሙዙን ሲዘጋ ጣቱን ቆለፈበት። እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ እስከ ማታ አላወጣውም። ሻይ እንኳ በግራው ጠጣ።

ቆርቆሮዋ ክብሯ ሳይነካ ዋለች። እርግቦቹ ታንከሩ ላይ ተደርድረው ወደ ታች ይመለከቱ ነበር።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። ልጄ ትልቅ ሰው ናት፤ ሥራውን ከእኔ ጋር እኩል ትሠራለች፤ ሰገነቱ የእሷ ነው። ጠዋት እርጥቡን ተሸክማ ወጥታ በአንሶላዎቹ መሀል ስትመላለስ ትቆያለች። አንሶላ ሲሰጣ ከጀርባው ያለው ሰው አይታይም።

«ስትተኩስ ልጅቷ ሰገነቱ ላይ ናት» አልኩት።

«ከመተኮሴ በፊት እጮሃለሁ» አለኝ። «ሕግ አውጥቻለሁ።»

«ጆሮዋ ላይ ያንን ማዳመጫ ሰክታ ነው እኮ የምትሠራው።»

«ታውጣዋ።»

ልጄ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትሰማን ነበር። «እማዬ፣ አጠገቡ ያለ ቆርቆሮ መምታት ያቃተው ሰው እኔን እንዴት ነው የሚመታኝ?» አለች።

«ስድብሽን ቻልኩት፣ ሚጡ» አለ አባቷ። ሁሉም ሳቁ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል። ግን ኢላማውን የሚመታ ሰው ከሆነ፣ ካነጣጠረበት ፈቀቅ ብሎ መቆም ይቻላል። ኢላማውን ከሚስተው ሰው ሸሽቶ ግን የት ይቆማል? ይህን ብናገር ማንም የሚሰማኝ አልነበረም። በቤታችን እኔ ስሰጋ «ጀመራት» ነው የሚባለው።

ጥፋቱ የጠመንጃው ሆነ። ባሌ የማንኛውም ዕቃ ሕመም የዘይት እጥረት ነው ብሎ ያምናል። የበሩን ማጠፊያ ዘይት ያጠጣል፤ መጭመቂያውን ዘይት ያጠጣል። የግድግዳ ሰዓታችንንም አጠጥቶት ሰዓቱ እስከ ዛሬ አልተነሣም። እና የመጭመቂያውን ዘይት አመጣና አየር በሚወጣበት ቀዳዳ አንቆረቆረበት። ማጠቢያ ቤት የሌለው ሰው ይህን ጥፋት አያጠፋም፤ ዘይቱ ከየት ይመጣለታል?

ቀጥሎ ሲተኩስ ጠመንጃው እንደ እውነተኛ ጠመንጃ ጮኸ። ከአፉ ሰማያዊ ጭስ ወጣ። ፍሬዋ ቆርቆሮዋን በስታ አልፋ የአጥሩ ሳንቃ ውስጥ ተቀበረች። ዘይቱ በታመቀው አየር ግለት እየተቃጠለ ፍሬዋን ይተፋት እንደነበረ ኋላ ነው የሰማሁት። ያን ጊዜ ግን ሁለቱ ወንድማማቾች ተቃቀፉ።

«ሞላው ገና አሁን ነቃ» አለ ሻለቃው።

«እጄ ነው የነቃው» አለ ባሌ።

በነጋታው የሆቴሉ አንሶላ ብዙ ነበር። ልጄ ቅርጫቱን ይዛ ወጣች። እኔ ታች የትራስ ልብስ እተኩሳለሁ። ሁለቱ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሌባ ይመስል በጣታቸው ደረጃውን ሲወጡ አላየሁም። የሰማሁት የባሌን ድምፅ ነው፤ «ልተኩስ ነው» አለ። አፉን ሳይዘጋ ጮኸ ጠመንጃው።

ካውያውን እንዴት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። ስደርስ ባሌ ደረጃው አፍ ላይ ተንበርክኳል፣ ጭሱ ገና ፊቱ ላይ ነው፤ እርግቧ ደግሞ ከሩቅ ትበራለች።

«መታኋት» አለ።

«ላባ አይቻለሁ» አለ ሻለቃው።

ልጄ ከአንሶላዎቹ መሀል ባዶ ቅርጫቷን አንጠልጥላ ወጣች። ጆሮዋ እንደተሰካ ነው፤ እያንጎራጎረች። ሄጄ ራሷን ዳበስኩት፤ ፊቷን፣ አንገቷን።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል?» አለች ማዳመጫውን እየነቀለች።

«ጀመራት» አለ ባሌ። «አየሽ? ምን ሆነች? ጮኼ፣ ተኮስኩ፣ አለቀ።»

«ጮኸሃል እንዴ?» አለችው ልጄ።

አፈርኩ፤ ወርጄ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ከሰዓት በኋላ አንሶላዎቹ ደርቀው ወረዱ። ገመዳችን አጭር ስለሆነ አንሶላ የምናሰጣው አራት አጥፈን ነው። አንዱን መተኮሻው ላይ ስዘረጋው አንድ ቀዳዳ አየሁ። ጎትቼ ስገልጠው ሁለተኛው መጣ፤ ከዚያ ሦስተኛው፣ አራተኛው። በአንድ ጊዜ የተወጉ፣ ዙሪያቸው ግራጫ የሆነ ቀዳዳዎች ናቸው።

ባሌን ጠራሁት። ወንድሙም ተከትሎት መጣ።

«ብል ነው» አለ ባሌ።

«ብል እርሳስ ይበላል?»

«ሲጋራ ነው፣ እትዬ» አለ ሻለቃው። «የሆቴል እንግዳ አልጋ ላይ ያጨሳል። እኔ አውቃቸዋለሁ።»

«እንግዳው አንሶላውን አራት አጥፎ ነው የተኛበት?»

ባሌ አንገቱን አከከ። «ስፊያቸውና ይሂድ» አለኝ። «እንግዳው የሚመጣው ሊተኛ ነው፤ አንሶላ ሊመረምር አይደለም። ሆቴሉ አያይም።»

ባሌ የፈራው ሆቴሉን ነው። እኔ ስለ ሆቴሉ አላሰብኩም። አንሶላውን መልሼ አራት አጠፍኩትና ልጄን ጠራኋት።

«ይህኛውን የት ነበር ያሰጣሽው?»

«ከዳር፣ የመጨረሻው ገመድ ላይ። ለምን?»

«ነይ እንውጣ። እናንተም ውጡ።»

ሰገነቱ ላይ አንሶላውን በቦታው ሰቀልኩት። መቆንጠጫውንም እሷ ባደረገችበት አደረግሁ። «ስታሰጪ እንደምትቆሚው ከጀርባው ቁሚ» አልኳት። ሄዳ ቆመች። ከአንሶላው ጀርባ ጠፋች።

ባሌን ክንዱን ይዤ አመጣሁት። «በቀዳዳው እይ።»

«ምን አለው?»

«እይ አልኩህ።»

አንድ ዓይኑን ጨፈነና በሌላው አየ። ለእርግቧ ያነጣጠረውም እንዲሁ አድርጎ ነው። ብዙ ቆየ።

«ትንሽ ወደ ግራ በይ» አለ ባሌ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

ልጄ ወደ ግራ አለች።

«አይ፣ ተመለሺ። እንዲህ አልነበርሽም። ትንሽ ጎንበስ በይ።»

«አባዬ፣ ጎንበስ ብዬ ገመዱ ላይ አልደርስም።»

«ቅርጫቱን ስታነሺ ግን ጎንበስ ትያለሽ።»

«ሁሌ ቅርጫት አላነሣም።»

«እንግዲያው ትንሽ ዝቅ በይ፣ ትንሽ።»

«አባዬ፣ ቁመቴ ይሄ ነው።»

እኔም ተራዬን አየሁ። የታየኝ የልጄ ጆሮ ነው፤ ከጆሮዋ ከፍ ብሎ ፀጉሯ የሚጀምርበት ቦታ። የተረፈችው የዚያን ጊዜ አንድ እርምጃ ወደዚህ ወይ ወደዚያ ስላለች ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለም።

ባሌ ቀና አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። ትንፋሹ ሲመለስለት ግን ዓመሉም አብሮ ተመለሰ።

«እኔ እኮ ያነጣጠርኩት እርግቧ ላይ ነው» አለ። «ልጄ ላይ ልተኩስ ነው እንዴ? ደግሞ ተጠንቅቄ ነው። ጮኼአለሁ። ትንሽ ልምምድ ነው የሚቀረኝ እንጂ አደጋ የለውም።»

ብቆጣ ኖሮ ይቀለው ነበር፤ ቁጣዬን ለምዶታል። ረጋ ብዬ፣ «እሺ» አልኩት። «አደጋ ከሌለው ከነገ ጀምሮ አንሶላ አንተ ታሰጣለህ። ሚጡ ታች ከእኔ ጋር ትሠራለች። አንተ ከጀርባው ትቆማለህ፤ ወንድምህ እዚህ ሆኖ እርግብ ይመታል። መጀመሪያ ይጮህልሃል። ሕጉ ሕግ ነው።»

«እሱ?» አለ ባሌ። «አብደሻል እንዴ? እሱ ይገድለኛል።»

«ጋሼ» አለ ሻለቃው፤ ፊቱ ጠቆረ። «ምን ማለትህ ነው?»

«በሕይወትህ ጠመንጃ ይዘህ ታውቃለህ? ብርድ ልብስ ስትቆጥር የኖርክ ሰው...»

እዚህ ላይ ቆመ። የተናገረውን እሱም ሰማው። ሻለቃው እጁን ኪሱ ከቶ ወደ ደረጃው ዞረ፤ ደህና ዋሉ እንኳ አላለንም። ልጄ አንሶላውን ገልጣ ወጣችና አባቷን አየችው። አልሰደበችውም፤ አልሳቀችም። እሱም ዓይኗን ማየት አቃተው።

ሲወርድ ጠመንጃውን ራሱ ይዞት ወረደ። ነጩን የምንዘፈዝፍበት የበረኪና በርሜል አለ፤ አፈሙዙን ወደ ታች አድርጎ እዚያ ውስጥ ከተተው። ሲሰምጥ አረፋ ወጣ። ክዳኑን ጭኖ ላዩ ላይ ድንጋይ አደረገ፤ ተመልሶ ይወጣ ይመስል። ዝገት ሲበላው ለብረታ ብረት ሰብሳቢ ሰጠነው። ለሆቴሉም ሌላ አንሶላ ተካሁ፤ እንዴት እንደተቀደደ ሲጠይቁኝ ባሌ አጠገቤ ቆሞ ስለነበር እሱ እንዲመልስ ተውኩት። «በእኔ ጥፋት» አለ፤ ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ ለእሱ ይህም ብዙ ነው።

ልጄ አሁንም ታሰጣለች። እኔ ግን አዲስ ዓመል ያዘኝ። ሥራ ፈልጌ እንደመጣሁ አስመስዬ እወጣለሁ፤ ደረጃው አፍ ላይ ቆሜ ጎንበስ እላለሁ፤ ከአንሶላዎቹ ስር እግሯን እፈልጋለሁ። ሁለቱም እግሮቿ ሲሄዱ ካየሁ በኋላ ምንም ሳልናገር እወርዳለሁ።